ነፃውን የኦኢቲ ልምምድ በብር ሸጡልኝ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከማሰልጠኛው ቢሮ የወጣሁት ትናንት ከሰዓት ነው። ሐዋሳ ያላችሁ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ ለኦኢቲ፣ ማለትም ለጤና ባለሙያዎች ለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና፣ እየተዘጋጃችሁ ከሆነ እባካችሁ አንብቡኝ።

ማሰልጠኛዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ በሩ ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ይለጥፋሉ፣ ቴሌግራም ላይ ስሙ የተሸፈነ የውጤት ወረቀት እየለቀቁ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላሉ። «ካላለፋችሁ ብራችሁ ይመለሳል» የሚለውንም ሰምታችሁታል። እኔ የሄድኩት ፒያሳ አካባቢ ካሉት ወደ አንዱ ነው። ስመዘገብ አቀባበላቸው ልዩ ነበር። «ሲስተርዬ ግቢ፣ ሲስተርዬ ቁጭ በይ፣ ሻይ ይምጣልሽ?» ለሊስኒንግ (ለማዳመጥ ክፍሉ) ብቻ 14,000 ብር ከፈልኩ። ከዚህ ውስጥ 4,000ው የፍላሽ ነው ተባልኩ። «ከዚህ በፊት የወጣ ትክክለኛው ፈተና ነው፣ ለማንም እንዳታሳዪ» ብለው አስማሉኝ። እኔም ማልኩ።

ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ተማርኩ። ከናይት ዱቲ ወጥቼ፣ ሳልተኛ፣ ከአቶቴ በባጃጅ እየተመላለስኩ። አስተማሪው አንዱን የድምፅ ቅጂ ሦስት ጊዜ ያጫውተዋል። መሃል ላይ ያቆመውና «ቃሏን ያዛችኋት?» ይለናል። ካልያዝናት ወደኋላ ይመልስልናል። በመጨረሻ ከ42 ጥያቄ 39፣ 40 ማግኘት ጀመርኩ። ለእናቴ ደውዬ «ሊስኒንጉስ አለቀለት» አልኳት።

ማክሰኞ ሌሊት ዱቲ ነበርኩ። የስድስት ሰዓቱን መድኃኒት ሰጥተን ጨርሰናል፣ ዋርዱ ጸጥ ብሏል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የፈተናው አዘጋጆች ራሳቸው ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀመጡትን ናሙና አግኝታ ልትለማመድ ነው። አንዱን ኤርፎን ለእኔ ሰጠችኝ። ቅጂው ተጀመረ። ታማሚዋ ገና አፏን ስትከፍት ድምጿን ለየሁት። እጇን እንደሚወርራት ለባለሙያው ልትነግረው ስትል «ፒንስ ኤንድ ኒድልስ» የሚለውን እኔ ቀድሜያት አልኩት።

«እንዴት አወቅሽው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ስልኳን ተቀብዬ ቀጣዩን ከፈትኩ። እሱንም አውቀዋለሁ። ሦስተኛውንም። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ባንድ እዚያ ተደርድሯል። አንድ ብር አይጠይቅም። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከብሩ በላይ ያመመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህችው ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት «መለማመጃ ካለሽ አካፍዪኝ» ብላኝ ነበር። ምያለሁና «ምንም የለኝም» ብዬ ዋሸኋት። እሷ ግን ያገኘችውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። እንዴት ይህን ያህል ሞኝ ሆንኩ? ትክክለኛ ፈተና በፍላሽ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፣ እኔም ገዢው ነበርኩ። ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

ሊነጋጋ ሲል ፍላሹ ላይ ያልነበረ ናሙና አግኝቼ ብቻዬን ሠራሁ። ከ42 ጥያቄ 21 አገኘሁ። እንግሊዝ አገር በነርስነት ለመመዝገብ በሊስኒንግ ከ500 350 ነጥብ ይጠየቃል፤ እኔ አጠገቡም አልደረስኩም። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። እውነተኛው ፈተና ላይ ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሚያቆምልህ የለም። የመጀመሪያው ክፍል ታማሚና ባለሙያ ሲነጋገሩ እየሰማችሁ 24 ክፍት ቦታ የምትሞሉበት ነው። እኔ አንዷ ቃል ካመለጠችኝ «አሁን ይመልሰዋል» ብዬ እጠብቃለሁ፤ ታማሚዋ ግን ሁለት መስመር አልፋኛለች። ሁለት ወር ሙሉ ጆሮዬን ያስለመዱት ይህንን ነው። ብሩ ያንገበግባል፣ ይህ ግን ይብሳል።

ትናንት ደረሰኜን ይዤ ሄድኩ። ስመዘገብ የተቀበለችኝ ያቺው ልጅ ናት ያለችው። ሲስተርዬ የለ፣ ሻይ የለ። ከስልኳ ቀና ሳትል «ምን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። ደረሰኙን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችና መልሳ ገፋችልኝ። «የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ» ነው የሚለው። ስለ ኦኢቲ፣ ስለ ፍላሽ አንድም ቃል የለበትም። ስከፍል አላነበብኩትም። «ካላለፋችሁ ይመለሳል ብላችሁ የለ?» አልኳት።

«ታዲያ መቼ ተፈተንሽ? መጀመሪያ ተፈትነሽ ውደቂና ነይ» አለችኝ። ጎኗ የተቀመጠው ልጅ ሳቀ። እሷም ሳቀች። በሌሊት ዱቲ ልብሴ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ እፊታቸው ቆሜያለሁ። እንባዬ እንዳይመጣ ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።

እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት የአዘጋጆቹን ድረ ገጽ ክፈቱና ነፃውን ናሙና ሥሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ስሙት፣ እንዳታቆሙት። «የወጣ ፈተና አለን» የሚላችሁ ካለ ጥላችሁት ውጡ። ደረሰኙ ላይም የከፈላችሁበት ነገር በስሙ ይጻፍ።

አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አብረን እንለማመዳለን። ማሰልጠኛው ደግሞ ቅዳሜ አዲስ ዙር ይጀምራል። ትናንት ስወጣ ማስታወቂያውን ደረጃው ላይ ሲለጥፉ አይቻለሁ።