በደሴ የወሎ እስክስታ ትምህርት፦ መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ትከሻ

ደሴ ውስጥ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን ይህን የእስክስታ ትምህርት የምንወድለት አጀማመሩን ነው። ተማሪው መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ማሲንቆ ያዳምጣል፤ አራቱን የዜማ ቅኝቶች፣ አምባሰልን ከባቲ፣ ትዝታን ከአንቺ ሆዬ፣ በጆሮው እስኪለይ አይነሳም። አምባሰልና ባቲ ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ነው። የአገሩ ልጅ ሳይለያቸው ማደጉ ያንገበግባል።

ከዚያ 10 ደቂቃ ማፍታቻ። እጅ ወገብ ላይ፣ ጉልበት ላላ ይላል። ትከሻ መጀመሪያ ላይና ታች፣ ቀጥሎ ፊትና ኋላ፣ በመጨረሻ ቀኝና ግራ እየተፈራረቀ ይሠራል። ሦስቱ ጥርት ሳይሉ ፍጥነት አይጨመርም።

ብዙ ጀማሪ ክርኑን ያወዛውዛል፤ ትከሻው ግን እንደቆመ ነው። አውራ ጣትን ከኋላ ወገብ ላይ ተክሎ ክርንን ማሰር ይህን ያርማል። ትንፋሽ መያዝ የባሰ ነው፤ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ትንፋሹን የያዘ ሁለት ዘፈን አይዘልቅም። በየምቱ «እስ» እያሉ ማስወጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጉልበቱን የገተረ ደግሞ በማግስቱ ወገቤን ይላል።

ቀኑን ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ለሚውል ሰው የደነደነ ትከሻን የሚያፍታታ ከዚህ የተሻለ ነገር አናውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ 60 ደቂቃ ይሠራል፣ ቀሪውን ቤት መሙላት ነው። የአንገት ዲስክ ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳያማክር አንገቱን አይስበቅ። አስተማሪዎቹ በምዝገባ ጊዜ ይህን አይጠይቁም፤ ሊጠይቁ ይገባል።

ሌላም ቅሬታ አለን። ማሲንቆ መቺው በሌለበት ቀን የኪቦርድ ቅጂ ይከፈታል። መቺው የተማሪውን ትከሻ እያየ ያዘገያል፣ ቅጂ ማንንም አይጠብቅም። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ በባዶ እግር ጉልበት ይጎዳል። የዋግ ሻደይን፣ የላስታ አሸንድዬንና የራያ ቆቦ ሶለልን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማጣደፋቸውም ያሳዝናል፤ እያንዳንዱ የራሱ ግጥምና አጨፋፈር ያለው የልጃገረዶች ጨዋታ ነውና ለየብቻው ሳምንት ይገባዋል። መንዙማን ከጭፈራው አለመቀላቀላቸው ግን ትልቅ አክብሮት ነው። ድቤና ጭብጨባ ቢኖረውም መንዙማ ውዳሴ ነው።

ለመመዝገብ የምታስቡ ማሲንቆ የሚመታበትን ቀን ጠይቃችሁ ምረጡ፤ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማም ያዙ።