ታርጋ፦ አሉሚኒየም ወይስ ፕላስቲክ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ከቆሙት ባጃጆች የአንዱ ታርጋ ዓይኔን ያዘው። ጥጉ ታጥፎ፣ በመዶሻ ተቃንቶ፣ እንደገና ታጥፏል። ቁጥሩ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

አሉሚኒየም እንዲህ ነው። ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። እንደ ብረትም ዝገት አይበላውም። የጀርመን ታርጋም በአብዛኛው ከዚሁ ነው። ስሱ ቆርቆሮ ላይ አንጸባራቂ ፊልም ይለጠፋል። ከዚያ ማሽን ሲጫነው ፊደሉ ያብጣል፤ ያበጠው ብቻ ቀለም ይይዛል። ቀለሙ ቢለቅ እንኳ በጣት ዳብሰህ ታነበዋለህ።

እንግሊዞች ደግሞ በብዛት አክሪሊክ የሚባለውን ፕላስቲክ ይጠቀማሉ። የፊቱ ነጭ፣ የኋላው ቢጫ። ፊደሉ ፊልም ላይ ታትሞ ከመስተዋት መሰሉ ፕላስቲክ ጀርባ ይጣበቃል። ስለዚህ አሸዋ ቢፍቀውም ቀለሙን በቀላሉ አያገኘውም። ሥራውም ቀላል ስለሆነ የመኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ያትሙታል። ችግሩ ግጭት ነው፤ ጠንከር ያለ ምት ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀን ፕላስቲክ ደግሞ የትኛውም ባትላሜራ አያቃናውም። ለእኛ መንገድ እኔ አሉሚኒየሙን ብያለሁ።

«የድሬ ሙቀትስ ፕላስቲኩን አያቀልጠውም?» አለኝ ባለ ባጃጁ።

የለም አቦ! አክሪሊክ የሚለሰልሰው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬም እንዲህ አትጨክንም።

በነገራችን ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ሲወደድ የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ታርጋዋን ከአኩሪ አተር በተሠራ ካርቶን መሰል ነገር አውጥታ ነበር። እዚህ ቢሆን ፍየሎቹ ቁርስ ያደርጉት ነበር።