ባለ 2 ኪሎዋት የቤንዚን ጄኔሬተር ለሶላር ባትሪ፦ በወሎ ደጋ ይበቃል?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከደሴ እስከ ወረኢሉ ፓኔሉ ጉም ስር ይውላል። ለ24 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ይህ ጄኔሬተር ይበቃል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ግን አትመኑ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ሩብ ያህል አቅሙን ያጣል። የሚቀረው 1.5 ኪሎዋት ነው።

ስለዚህ የኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሣጥን) ቻርጀር 30 አምፔር ላይ አቁሙት። በ28.8 ቮልት 864 ዋት ነው፤ ብክነቱ ሲታከል 1 ኪሎዋት ይደርሳል። 60 ላይ ከተተወ ሞተሩ ያቃስታል፣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ኢንቨርተሩ ቀጭ እያለ ይይዛል፣ ይለቃል። ብዙዎች «ጄኔሬተሩ ተበላሸ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እውነቱ ቻርጀሩ ከአቅም በላይ መጠየቁ ነው።

የጄኔሬተሩ ገመድ የሚገባው ኢንቨርተሩ የኤሲ መግቢያ (AC input የሚለው) ላይ ብቻ ነው። መውጫው ላይ የታሰረ ዕለት ኢንቨርተሩ ይቃጠላል።

ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ አጥፉት፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ከረንት ስለሚቀንስ ቤንዚኑ በከንቱ ይነድዳል። ዘይቱን ከመጀመሪያው 20 ሰዓት በኋላ ቀይሩ። በጋ ላይ ስታስቀምጡት የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግታችሁ ራሱ እስኪጠፋ አስነሡት፤ አለዚያ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ይደፈናል። ዝናብ ቢሆንም ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታስነሡት፣ ጭሱ ይገድላል። ከደጅ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥሩለት።