ባለ ክዳኑ የፕላስቲክ መንጋጋ፣ ስድስት ወር ካስተማርኩበት በኋላ

መስከረም ላይ ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎቼ ሦስት የታችኛው መንጋጋ ሞዴሎች ገዛሁ። ቻይና የተሠሩ ናቸው፤ የአንዱ ዋጋ 4,800 ብር ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ከእጄ አልተለዩም። ለመግዛት የምታስቡ አስተማሪዎችና ተማሪዎች ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። በቀኝ በኩል የአጥንቱ ግድግዳ እንደ ሞሰብ ክዳን ይነሳል። ውስጡ ነርቩ በቢጫ፣ ደም ቅዳው በቀይ፣ ደም መልሱ በሰማያዊ ተቀብቷል። ማንዲቡላር ፎራመን ከምንለው የውስጠኛው ቀዳዳ ይገባሉ፣ በመንጋጋ ጥርሶቹ ሥር ሥር ይሄዳሉ፣ ከዚያ ሜንታል ፎራመን በሚባለው የአገጭ ቀዳዳ ወደ ከንፈር ይወጣሉ። ይህን መንገድ በስላይድ ደጋግመው ያዩ ልጆች እንኳ ክዳኑን በገዛ ጣታቸው ሲያነሱ ነው ፊታቸው የሚበራው።

በጣም የወደድኩት የአገጩ ቀዳዳ አቅጣጫ ነው። የክብሪት እንጨት ሰካሁበትና ወደ ኋላና ወደ ላይ አዘንብሎ ቆመ፤ እውነተኛውም አጥንት እንዲሁ ነው። ከዚህ በፊት የነበረን ሞዴል ቀዳዳው በምስማር የተበሳ ይመስል ቀጥ ያለ ነበር።

ግራው ግን አሳዘነኝ። ቀጭን ሽቦ ባስገባ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ሄዶ ፕላስቲኩን ነካና ቆመ። ቀዳዳው ለይስሙላ ነው፣ የትም አያደርስም። በውስጠኛው ቀዳዳ ደጃፍ ላይ የምትቆመው ሊንጉላ፣ ያቺ ትንሽ የአጥንት ምላስ፣ እዚህ በጣት የማትለይ እብጠት ሆናለች። ማደንዘዣ መውጋት ለሚማር ልጅ ሊንጉላ ዋና ምልክቱ ናት፤ በዚህ ዋጋ አጥርቶ መቅረጽ አያቅትም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሦስቱም ሞዴሎች አንድ ናቸው፤ በቀኝ አንድ ቀዳዳ፣ በግራ አንድ ቀዳዳ፣ ሁለቱም ከሁለተኛው ፕሪሞላር (ከመንጋጋ ጥርሶቹ ፊት ካሉት ትንንሾቹ ሁለተኛው) ሥር፣ ነርቩ በአጥንቱ ውስጥ የሚሄድበት ቦይም አንድ። የሰው አጥንት እንደዚህ አይታዘዝም። እኛ ጋ ካሉት እውነተኛ አጥንቶች አንዱ በግራ በኩል ሁለት የአገጭ ቀዳዳ አለው፤ ሁለተኛዋ የጤፍ ፍሬ የምታህል ናት፣ አጥንቱን ወደ መስኮት ካላዞሩት አትታይም። ሌላው ጥርሱ ሁሉ የወለቀ የአዛውንት መንጋጋ ነው። አጥንቱ ከላይ እየሟሸሸ ሄዶ ቀዳዳው አናቱ ላይ ቀርቷል። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ባኘኩ ቁጥር ከንፈራቸውን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝራቸው እናቶች ሲመጡ መጀመሪያ የማስበው ይህን አጥንት ነው። ነርቩ ድዱ ሥር ተኝቶ ጥርሱ ይጫነዋል።

ቦዩም ሁለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት መንጋጋውን ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ ፊልም የሚያሳዩ 6,000 ፓኖራሚክ ራጆችን መርምሮ በ57ቱ ላይ ነበር ድርብ ቦይ ያገኘው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሲቢሲቲ የምንለው ባለ ሦስት አውታር ራጅ ከመጣ ወዲህ ግን በጠፍጣፋው ፊልም ላይ የማይታዩ ቀጫጭን ቅርንጫፎች መውጣት ጀመሩና ቁጥሩ በብዙ እጥፍ አደገ። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ የፅንስ ጥናት ደግሞ ቦዩ ሲጀመር ለተለያዩ የጥርስ ምድቦች የሚሄዱ ሦስት ቦዮች እንደሆነና ኋላ እንደሚዋሃዱ አሳይቷል። ውህደቱ ሳይሞላ ሲቀር ነው ድርቡ የሚተርፈው ይባላል። እኔ ይህን ለተማሪ ስናገር ደስ ይለኛል፤ "ያልተለመደ" ብለን የምናልፈው ነገር የሁላችንም መነሻ ነበር ማለት ነው።

ይህን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የመጨረሻውን የታች መንጋጋ ጥርሷን ላወልቅላት የመጣች ሴት ነበረች። አንድ ማደንዘዣ ሰጠኋት፣ ሁለተኛ ጨመርኩ። "ዶክተር፣ ከንፈሬማ የለም፤ ጥርሴ ግን ያውቃል" አለችኝ። ፍርሃት ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ሲወርድ ነው እጄን የሰበሰብኩት። ያን ቀን በመቀጠሌ ዛሬም አዝናለሁ። ሲቢሲቲ ተነስታ ስትመለስ ከዋናው ቦይ የተገነጠለች ቀጭን ቦይ ወደ ኋላ ታጥፋ ከመጨረሻው ጥርስ ጀርባ ስትወጣ አየሁ፤ ሬትሮሞላር ካናል ይሉታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርቩ ገና ሳይከፋፈል ለመያዝ ጎው ጌትስ በተባለው ዘዴ ከፍ አድርጌ ወጋሁ፣ ከጥርሱ ጀርባም ጥቂት ጨመርኩ። ምንም ሳይሰማት ወለቀ።

ስለዚህ ከሦስቱ ሞዴሎች አንዱን በራሴ እጅ ለወጥኩት። በክሊኒኩ መቦርቦሪያ በግራ በኩል ሁለተኛ የአገጭ ቀዳዳ ከፈትኩ፤ ከመጨረሻው ጥርስ ጀርባ ሌላ በሳሁና በቀኝ ካለው ቦይ ጋር አገናኘሁት፤ አዲሶቹን ነርቮች በቢጫ የጥፍር ቀለም ቀባኋቸው። ፕላስቲኩ ጠንካራ ስለሆነ አልተሰነጠቀም፤ መቦርቦሪያው ሲሞቅ ግን ፕላስቲኩ ይቀልጣልና ውሃ እያንጠባጠባችሁ ሥሩ።

የክዳኑ ማግኔት በአንደኛው ላይ ኅዳር ወር ወለቀ። የሸጠልኝ ሰው እቀይራለሁ ብሎ ነበር፣ እስካሁን ስልክ አያነሳም፤ በሙጫ መለስኩት። ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ግዙት፣ ግን ከአንድ እውነተኛ አጥንትና ከአንድ ሲቢሲቲ ምስል ጋር አስተምሩበት።

ባለፈው ሳምንት የለወጥኩትን ሞዴል ምንም ሳልናገር ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። አንዲት ተማሪ አነሳችው፣ አገላበጠችው፣ "ዶክተር፣ ይሄኛው ተሰብሯል እንዴ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። የክብሪት እንጨት ፈለገች፣ በሁለቱም ቀዳዳ ሰካች፣ ጥቂት አየችና ተነስታ የአጥንቶቹን ሣጥን ከፈተች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያዞረች ስታይ ቆየች።