በአፋር ቆላ የቤት ለቤት ጉብኝት፦ ማለዳ ወይስ አመሻሽ?

በሰመራ፣ በዱብቲና በአሳይታ ዙሪያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍባቸው ወራት፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሁለት ሰዓቶች አንዱን መምረጥ ይኖርባቸዋል።

የማለዳው ጉዞ፣ ማለትም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ያለው፣ ትልቁ ብልጫው መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሌሊቱን ሲለቅ አድሮ የቀዘቀዘ መሆኑ ነው፤ ሠራተኛዋም ያረፈ ሰውነት ይዛ ትነሣለች። ሆኖም እናቶች በዚያ ሰዓት በማለብና ውኃ በመቅዳት ስለሚጠመዱ ሥራው ሊጓተት ይችላል፤ ከተጓተተ ደግሞ መመለሻው ከቀትር ፀሐይ ጋር ይገጥማል።

አመሻሹ ላይ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ነገር ግን አየሩ ይበልጥ የሚግለው ፀሐይ ከአናት ካለፈች በኋላ በመሆኑ፣ 10 ሰዓት ላይ ጥላ ቢኖርም መሬቱ ገና ይፋጃል፤ ለብቻዋ በጨለማ የምትመለስ ሴት ደኅንነትም በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ማለዳው መደበኛ ሰዓት ሆኖ፣ አባወራው መገኘት ያለበት ጉብኝት ብቻ ለአመሻሽ ቢቀር እመርጣለሁ።

በሁለቱም ሰዓት ጥም ሳይመጣ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ባልደረባችሁ ሰውነቷ ግሎ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ ወዲያውኑ ጥላ ሥር አስገብታችሁ ውኃ እያፈሰሳችሁና እያራገባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሷት።