ለሚያፈስ የሻወር ትሪ ጠርዝ፦ ነጭ ሲሚንቶ፣ ሲሊኮን ወይስ አፍርሶ መሥራት?

የሻወር ትሪና የግድግዳው ሴራሚክ የሚገናኙበት ጠርዝ ሲከፈት ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ነጭ ሲሚንቶ ነው። ርካሽ ነው፣ ሥራውም በአንድ ሰዓት ያልቃል። ለዚህ ቦታ ግን አይሆንም። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ አይለጠጥም። ሰው ሲቆምበት ትሪው በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም፤ መሀሉ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ይለያያል፣ ውሃ ደግሞ ከዚያ የሰፋ በር አይፈልግም። የነጭ ሲሚንቶም የግራውትም ቦታ በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል ነው።

ስለዚህ ምርጫው አሮጌውን ፍቆ በሲሊኮን ማሸግ ወይም የታችኛውን ሴራሚክ አፍርሶ መሥራት ነው። ይህን የሚወስነው ኪስ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ከትሪው በላይ ያሉትን ሁለት መደዳዎች በማንኪያ እጀታ ኳ ኳ ያድርጓቸው። ድፍን ድምፅ ከሰጡ ሲሊኮን ይበቃል። እንደ ባዶ እንስራ ከጮኹ ወይም ሲጫኗቸው ከተነቃነቁ ከኋላቸው ክፍት አለ፤ ላዩን ማሸግ የገባውን ውሃ እዚያው መቆለፍ ነው። ቀጥሎ በትሪው አራቱም ማዕዘን ላይ ተራ በተራ ይቁሙ። ትሪው ከተወዛወዘ ከሥሩ ባዶ ነው፤ ተነስቶ 1 እጅ ሲሚንቶና 4 እጅ አሸዋ በሆነ ሙሉ ሙሌት ላይ ካልተቀመጠ የትኛውም ማሸጊያ አይቆይም።

ሲሊኮን ሁሉ አንድ አይደለም። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሴቲክ ይባላል፤ መስታወትንና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክን በደንብ ይይዛል፣ ከሲሚንቶና ከግራውት ግን ይላቀቃል፣ እብነ በረድንም ያበላሻል። ኒውትራል የተባለው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ሴራሚኩንም የአክሪሊክ ትሪውንም ስለሚይዝ ለዚህ ጠርዝ የምንመርጠው እሱን ነው። ላዩ ላይ «ሳኒተሪ» የሚል ካለበት ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት አለው ማለት ነው። በውሃ የሚታጠበው አክሪሊክ ማሸጊያ ለበር ፍሬም ስንጥቅ ነው፣ እዚህ አይግባ። የአገልግሎት ጊዜውን ሳያዩ አይክፈሉ፤ በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የከረመ ሲሊኮን ሳይደርስበትም ሊበላሽ ይችላል። ከመቀባትዎ በፊት ጥቂት ካርቶን ላይ ጨምቀው ያሳድሩት፤ በማግስቱ ላዩ ካልጠነከረ ይመልሱት።

መጠኑ አያስጨንቅም። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንዱ ቱቦ 6 በ6 ሚሊ ሜትር ለሆነ መስመር 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 90 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ በሁለት ግድግዳ 1.8 ሜትር ብቻ ነው። ሥራውን የሚያቆየው ቱቦው ሳይሆን ዝግጅቱ ነው። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ሲሊኮን ላይ ስለማይጣበቅ የቀድሞውን በከተር እስከ መጨረሻው ይፋቁ። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ጠርዙ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ እሱም ካልለቀቀ ሲሊኮኑ የሚይዘው ቅርፊቱን ነው። በኮምጣጤ አርሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይፋቁትና በውሃ ያጥቡት፤ ቢቆይ ግራውቱንም ይበላል። ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ የሚወጣው ጋዝ መርዛም ነው። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ሻወሩ ይዘጋ፤ ቤተሰቡ በባልዲ ሌላ ቦታ ይታጠብ።

ጠርዙ ሲደርቅ በአልኮል ይጥረጉ፣ ከላይና ከታች የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ። ክፍተቱ ጥልቅ ከሆነ መጀመሪያ የስፖንጅ ገመድ ያስገቡ፤ ሲሊኮን ሁለቱን ጎን ብቻ ይዞ ሲለጠጥ ነው የሚቆየው፣ ከኋላም ከያዘ ይቀደዳል። ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጣዩን ነው፦ ትሪው ላይ ጨርቅ አንጥፈው ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች 4 ሙሉ ያስቀምጡ። 80 ኪሎ ያህል ክብደት ትሪውን አውርዶ ሲይዘው የሚደርቀው ሲሊኮን በኋላ ሰው ሲቆምበት አይወጠርም። ድሬ ላይ በሙቀቱ ላዩ ፈጥኖ ቆዳ ስለሚያወጣ በማለዳ መቀባት፣ አንድ ግድግዳ ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ ይሻላል። በሳሙና ውሃ በራሰ ጣት አንዴ አስተካክለው ፕላስተሩን ወዲያው ይንቀሉ። ላዩ ቢጠነክርም ውስጡ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚደርቅ ጄሪካኑን 48 ሰዓት አያንሱ። ቀዝቀዝ ባለው ሐረር አንድ ቀን ቢጨምሩ ደግ ነው።

ማፍረስ ግድ ከሆነ ሁለቱ የታች መደዳዎች ይነሱ። ከኋላ የጂፕሰም ልስን ከተገኘ ውሃ ያራሰው ሁሉ ተነቅሎ በሲሚንቶ ልስን ይተካ፤ ላዩ ላይ ውሃ መከላከያ ቅብ 2 ጊዜ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ በተሻገረ አቅጣጫ ይቀባ። ፖርሴሊን ውሃ ከ0.5 በመቶ በታች ስለሚመጥ በሲሚንቶ ብቻ አይያዝም፤ የሴራሚክ ኮላ ይግዙ። 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለ1.8 ሜትር ግድግዳ 1.1 ካሬ ያህል ነው፣ 6 ኪሎ ኮላ ይበቃል። የሴራሚኩ ግርጌ ከትሪው ከንፈር በላይ ወርዶ 3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ እሱ በግራውት ሳይሆን በሲሊኮን ይሞላል።

ሠራተኛው የመጀመሪያውን ሴራሚክ እንደለጠፈ ነቅሎ ጀርባውን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ኮላው በአምስት ጉብታ ብቻ ነክቶ ከሆነ ሌላውን ሳይለጥፍ ጥርስ ባለው የግንበኛ ማንኪያ ሙሉውን እንዲያሰራጭ ያድርጉ።