የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ፣ ኢካስ ወይስ የአሜሪካው ኤኤስኤ? አንድ ፔፐር ይዞ የት መሄድ ይሻላል

በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በአንትሮፖሎጂ ምናምን ማስተርስ ወይ ፒኤችዲ የምትሠሩ ሰዎች ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ያለችኝን ብር የትኛው ኮንፈረንስ ላይ ላውጣት? እኔ የኢትዮጵያ ጥናቱና የአውሮፓው ኢካስ ላይ ፔፐር አቅርቤያለሁ፣ ሦስተኛውን፣ የአሜሪካውን ኤኤስኤ፣ ሜሪላንድ ካለች የቅርብ ጓደኛዬ ነው የማውቀው፣ እና በደንብ አስቤበት ነው የምጽፈው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ የኛው። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ 1959 ሮም ላይ ተጀመረ፣ ሦስተኛው 1966 አዲስ አበባ ተደረገ፣ ከዛ ወዲህ ሞስኮም ፓሪስም ኪዮቶም ሀምቡርግም ሄዷል፣ አገር ውስጥም 2012 ድሬዳዋ፣ 2018 መቀሌ፣ 2022 ደግሞ 21ኛው እንደገና አዲስ አበባ። ብዙውን ጊዜ በ3 ዓመት አንዴ ስለሆነ ካመለጣችሁ ረጅም ነው ጥበቃው።

እዛ የሚገኘው ነገር ሌላ ቦታ የለም። 2022 ላይ የጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ ሰነዶች ላይ የሠራሁትን ይዤ ገባሁ፣ ምስክሮቹ ዝርዝር ውስጥ በየቦታው "ወንበር" የሚል ቃል አለ፣ እኔ የሰው ስም ነው ብዬ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ጥያቄ ሲከፈት ነጠላ የለበሱ አንድ አባት ከሁለተኛው ረድፍ ተነሱና "ልጄ፣ ወንበር እኮ ዳኛ ማለት ነው፣ ሰውዬው ስሙ ቀጥሎ ያለው ነው" አሉኝ። በቃ፣ ያን ቀን ማታ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አፈረስኩት። ምስክር ብዬ የቆጠርኳቸው ሰዎች ግማሾቹ ዳኞች ሆኑ፣ የፔፐሩ መደምደሚያም አብሮ ተቀየረ። ሦስት አንባቢ አይቶት ያለፈውን ስህተት እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር አወጡት። ምንጫችሁ ግዕዝ ወይ የድሮ አማርኛ ከሆነ፣ ፊልድ ሥራችሁ አንድ ወረዳ ውስጥ ከሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ አድማጭ አታገኙም።

ሌላው ጥቅሙ ፕሮሲዲንግ ነው፣ የቀረቡት ፔፐሮች ተሰብስበው የሚታተሙበት መጽሐፍ። የኪዮቶው 1997 ጉባኤ ሦስት ቅጽ ወጥቶለታል፣ የሀምቡርጉም የትሮንድሃይሙም ታትሟል፣ እስከዛሬ ሰው የሚጠቅሳቸው ጽሑፎች እዛ ውስጥ አሉ። ህትመቱ ዓመታት ሊወስድ ይችላል ግን ሥራችሁ ይቀራል። ኢካስና ኤኤስኤ እንዲህ ያለ ፕሮሲዲንግ አያወጡም፣ ፔፐራችሁን ራሳችሁ ጆርናል መፈለግ ነው። ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ሁሉም ሰው ኢትዮጵያን ስለሚያውቅ "ይሄ ለሌላው ዓለም ምን ይለዋል?" ብሎ የሚያፋጥጣችሁ ጥቂት ነው።

ይሄን ጥያቄ የምታገኙት ኢካስ ላይ ነው፣ የአውሮፓው የአፍሪካ ጥናት ኮንፈረንስ። 2005 ለንደን ተጀምሮ በጎዶሎ ዓመት በጎዶሎ ዓመት ነው የሚደረገው፣ ኤዲንብራ 2019፣ ኮሎኝ 2023፣ ፕራግ 2025። ኮሎኝ ላይ ያንኑ የጎንደር ሥራ (ወንበሩ ተስተካክሎ) አቀረብኩት፣ ስለ ዳኛ ማንም አልጠየቀኝም፣ አንዲት የኡጋንዳ ተመራማሪ ግን ቡጋንዳ ውስጥ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የ1900ው ስምምነት የመጣውን የማይሎ መሬት (በግል የሚያዝ መሬት) አንስታ "እናንተ ጋ ሰው መሬቱን የሚሸጠው ያለ ቅኝ ገዢ ሕግ ከሆነ ዋስትናው ማን ነበር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን የዲዘርቴሽኔ አራተኛ ምዕራፍ ያ መልስ ነው። እዛ ስታመለክቱ መጀመሪያ ፓናሎቹ (በአንድ ርዕስ ዙሪያ አብረው የሚያቀርቡ ቡድኖች) ይወጣሉ፣ ከዛ ፔፐራችሁን ለአንዱ ፓናል ነው የምትልኩት፣ ስለዚህ አብስትራክታችሁ የፓናሉን ጥያቄ ካልመለሰ ጥሩ ሥራም ቢሆን ይወድቃል።

ቪዛውን ግን ከወዲሁ አስቡት። ሸንገን 90 ዩሮ ነው፣ የ30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፣ 2024 ሚያዝያ ላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ባወጣው ውሳኔ ለቪዛ ማመልከቻ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛም ቀርቷል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ወር ሲቀረው አመልክቶ ፓስፖርቱ የተመለሰለት ፓናሉ ካለፈ በኋላ ነው፣ ቪዛው ተለጥፎበት። ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፣ የተቀባይነት ደብዳቤው እጃችሁ እንደገባ ሂዱ። ጀርመን ወይ ሆላንድ የምትኖሩ ልጆች ግን ይሄ ሁሉ የለባችሁም፣ በባቡር የምትደርሱበት ከተማ ላይ ሲሆን አታሳልፉት።

ኤኤስኤ የአሜሪካው የአፍሪካ ጥናት ማኅበር ነው፣ 1957 የተመሠረተ፣ ጉባኤው በየዓመቱ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ነው፣ 2023 ሳንፍራንሲስኮ፣ 2024 ቺካጎ፣ 2025 አትላንታ። በአንድ ሰዓት ብዙ ፓናል አብሮ ስለሚሄድ ተራዋ ጠዋት የደረሳት ጓደኛዬ ስታቀርብ ከአቅራቢዎቹ ጋር ተቆጥሮ ዘጠኝ ሰው ነበር ክፍሉ ውስጥ። እሷ ግን ስለ ፓናሉ አትቆጭም፣ የሄደችው ለመጽሐፍ ኤግዚቢሽኑ ነው፣ አሳታሚዎቹ ጠረጴዛ ዘርግተው አዘጋጆቻቸው ራሳቸው ይቀመጣሉ፣ ቀድማ በኢሜይል ቀጠሮ ይዛ ዲዘርቴሽኗን ወደ መጽሐፍ ስለመቀየር ግማሽ ሰዓት አወራች። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ግን የቪዛ ማመልከቻው ብቻ 185 ዶላር ነው፣ ቢከለከልም አይመለስም፣ ብሩ 2024 ሐምሌ ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር መቶን ካለፈ ቆየ።

ስለዚህ እኔ ብሆን፣ ፔፐሩ ገና ጥሬ ከሆነና ምንጩ አገርኛ ከሆነ የኢትዮጵያ ጥናቱን ጠብቄ እሄዳለሁ፣ ተራው የውጭ አገር ቢሆንም። ምንጩን ጨርሻለሁ ግን ሥራው ጠበበኝ የምትሉ ኢካስ። ኤኤስኤን ዲዘርቴሽን ሳይጨርሱ በራስ ኪስ አልመክርም፣ አሜሪካ ለምትኖሩ ወይ መጽሐፍ ይዞ አሳታሚ ለሚፈልግ ግን አንደኛ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብሎ የሚጀምር፣ ዱባይ ወይ ኢስታንቡል ላይ ከሕክምና እስከ ታሪክ ሁሉንም የሚቀበል፣ በሁለት ቀን "ፔፐርዎ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ይክፈሉ" የሚል ኢሜይል ሲመጣላችሁ አትክፈሉ። አንድ የማውቀው መምህር የሦስት ወር ደሞዙን ከፍሎ ሲደርስ አንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ አስራ ምናምን ሰው ነው የጠበቀው፣ ከእሱ በፊት ያቀረበው ሰው ስለ ዶሮ መኖ ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት ያለፈውን ጉባኤ ፕሮግራም አውርዱና ስሞቹን አንድ በአንድ እዩ፣ ሥራቸውን ያነበባችሁላቸው ሰዎች አሉበት ወይ?